ሙዚቃዊ ፊልም በ70 ሚሊሜትር፦ ከትኬቱ እስከ መውጫው ሙዚቃ

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ በቪዲዮ ካሴት ነው። ካሴቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተውሶታል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምጹም አልፎ አልፎ ይጎተታል። ዘፈኖቹን ግን ትርጉማቸውን ሳናውቅ በቃላችን ይዘናቸው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ አሜሪካ እናቴን ይዤ ያንኑ ፊልም በ70 ሚሊሜትር ለማየት ገባሁ። አባትየው ፊሽካ ነፍቶ ሰባቱን ልጆች የሚያሰልፍበት ቦታ ላይ ስንደርስ እናቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ሁሉም አሉ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። በካሴቱ ሰባቱን በአንድ ጊዜ አይተናቸው አናውቅም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፊልሙ ምስል ስፋቱ የቁመቱ 2.2 እጥፍ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ ጎንና ጎኑ ሊተካከል ምንም አይቀረውም። ስክሪኑን እንዲሞላ ሲባል ከምስሉ ስፋት 40 በመቶ ገደማው ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሙሉውን ያሳያል። ቢሆንም እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለሳሎን አይደለም። የተሠሩት ለትልቅ አዳራሽ፣ ለትልቅ መጋረጃና አብሮ ለሚተነፍስ ሕዝብ ነው። አሁንም እንደዚያ ማየት ይቻላል። ትንሽ ዝግጅት ግን ይፈልጋል፤ እኔም አንዳንዱን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

በመጀመሪያ፣ 70 ሚሊሜትር ማለት ምን ማለት ነው?

ቁጥሩ የፊልሙ ጥብጣብ ወርድ ነው። የተለመደው የሲኒማ ፊልም 35 ሚሊሜትር ነው። በትልቁ አሠራር ካሜራው የሚቀርጸው 65 ሚሊሜትር በሆነ ኔጋቲቭ ላይ ነው። ለማሳያ የሚታተመው ኮፒ ግን 70 ይሆናል። አምስቱ ሚሊሜትር የተጨመረችው ለድምጽ ነው። የአንዱ ምስል ስፋትና ቁመት ተባዝቶ ሲታሰብ ከ35ቱ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ግድግዳ በሚያክል መጋረጃ ላይ ሲዘረጋ እንኳ ፊት አይደበዝዝም፣ የልብስ ጥልፍ አይጠፋም።

ድምጹ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በድሮዎቹ ኮፒዎች ላይ ልክ እንደ ካሴት ክር መግነጢሳዊ ቅብ ያለባቸው አራት መስመሮች አሉ። በእነሱ ላይ ስድስት የተለያዩ ድምጾች ተቀድተዋል። አምስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ ለተደረደሩ ድምጽ ማጉያዎች ናቸው። ስድስተኛው ለአዳራሹ ዙሪያ ነው። ዘፋኟ ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄድ ድምጿም አብሯት ይሄዳል።

የዚህ ሁሉ ጀማሪ ማይክ ቶድ የተባለ ፕሮዲዩሰር ነው። ከእሱ በፊት ሲኔራማ የሚባል አሠራር ነበር። ሲኔራማ አንዱን ሰፊ ምስል በሦስት ፕሮጀክተር ያሳያል፤ መጋጠሚያዎቹ ግን ይታያሉ። ቶድ ያንኑ ስፋት ከአንድ ፕሮጀክተር ማውጣት ፈለገ። አሜሪካን ኦፕቲካል ከተባለው የሌንስ ኩባንያ ጋር ተባብሮ ቶድ-ኤኦ የተባለውን አሠራር አወጣ። የመጀመሪያው ፊልም በ1955 ኒውዮርክ ውስጥ በሪቮሊ ቲያትር የተከፈተው «ኦክላሆማ!» ነው። ሙዚቃዊ ፊልም ማለት ነው። እና 70 ሚሊሜትርና ሙዚቃዊ ፊልም ገና ከጥንስሱ አብረው ያደጉ ናቸው።

ፊልሙን መምረጥ

እዚህ ጋ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። በ70 ሚሊሜትር የሚታይ ሁሉ በትልቁ ፊልም የተቀረጸ አይደለም። አንዳንዱ ከመነሻው በ65 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ተቀርጿል። ሌላው በ35 ተቀርጾ በኋላ በሕትመት ላይ ነው የጎላው።

ከመነሻው በትልቁ ከተቀረጹት መካከል «ኦክላሆማ!»፣ «ሳውዝ ፓሲፊክ» (1958)፣ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» (1961)፣ «ማይ ፌር ሌዲ» (1964)፣ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» (1965)፣ «ቺቲ ቺቲ ባንግ ባንግ» (1968) እና «ሄሎ፣ ዶሊ!» (1969) ይገኛሉ። ከ35 የጎሉት ደግሞ «ፈኒ ገርል»፣ «ኦሊቨር!» እና «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ናቸው።

የጎሉትን አትናቁ። ምስሉ ከ35ቱ ኮፒ ይልቅ ደመቅና ረጋ ይላል፣ ስድስቱን ድምጽም ያገኛሉ። «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ስለ ወግ፣ ስለ ሴት ልጆች ትዳርና ከአገር ስለመሰደድ ነው። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በ65 ከተቀረጹት ጀምሩ። እኔ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን አስቀድማለሁ። ልጆች ካሏችሁ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ይሁን። ሁለቱም የሮበርት ዋይዝ እጅ አለባቸው፤ የመጀመሪያውን ከጀሮም ሮቢንስ ጋር ነው ያዘጋጀው።

«ኦክላሆማ!» ልዩ ነገር አለው። ሁለት ጊዜ ነው የተቀረጸው። አንዱ በቶድ-ኤኦ በሰከንድ 30 ምስል፣ ሌላው ለተራ ሲኒማ ቤቶች ሲኒማስኮፕ በሚባለው የ35 ሚሊሜትር ሰፊ ምስል አሠራር በሰከንድ 24 ምስል። ስለዚህ ሁለቱ ፊልሞች በእርግጥ ሁለት ፊልሞች ናቸው፤ ትወናው ራሱ ይለያያል። በሰከንድ 30 የሚታየውን ካገኛችሁ እንዳያመልጣችሁ። በዚያ ፍጥነት የሚሠራ ፕሮጀክተር ያለው ቤት ጥቂት ነው።

ቦታውን ማግኘት

ለእኛ ማኅበረሰብ ቀላሉ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚያ ኮልስቪል ሮድ ላይ ኤኤፍአይ ሲልቨር ቲያትር አለ። በ1938 ተከፍቶ፣ ለዓመታት ተዘግቶ፣ በ2003 ታድሶ እንደገና የተከፈተ ቤት ነው። ዋናው አዳራሽ 70 ሚሊሜትር ያሳያል፣ ለ70 ሚሊሜትር ብቻ የተዘጋጁ ተከታታይ ፕሮግራሞችም አቅርቧል። ከባቡር ጣቢያው በእግር ይደረሳል። በዙሪያው ደግሞ እንጀራም ቡናም በየመንገዱ አለ። ስንት ሐበሻ በበሩ በየቀኑ እያለፈ ውስጡን ሳያይ እንደሚቀር ሳስብ ያሳዝነኛል።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ሆሊውድ ካለው ኢጂፕሺያን ቲያትርና ሳንታ ሞኒካ ካለው ኤሮ ቲያትር አትራቁ። ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ የሚገኘው ሚዩዚየም ኦፍ ዘ ሙቪንግ ኢሜጅ 70 ሚሊሜትር ያሳያል። ቺካጎ ሚዩዚክ ቦክስ ቲያትር አለ፣ ቦስተን አጠገብ ደግሞ ሶመርቪል ቲያትር። ሲያትል ያላችሁ የድሮውን ሲኔራማ ፈልጉ፤ ዛሬ ስሙ ሲፍ ሲኒማ ዳውንታውን ነው። አውሮፓ ውስጥ ለንደን ፕሪንስ ቻርልስ ሲኒማና ቢኤፍአይ ሳውዝባንክ አሉ። ብራድፎርድ ፒክቸርቪል፣ ጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ደግሞ ሻውቡርግ ይገኛል።

የነዚህን ቤቶች የኢሜይል ዝርዝር ውስጥ ግቡ። የ70 ሚሊሜትር ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ነው የሚታየው። ከጓደኛ እስክትሰሙ ከጠበቃችሁ ያልፋል።

ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ማንበብ

እኔ የተሞኘሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድቼ ሄድኩ። መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር ሰማዩ ሮዝ፣ ሣሩም ሮዝ፣ የሰው ፊትም ሮዝ ነበር። ኮፒው በዕድሜ ቀለሙን ጨርሷል። በማስታወቂያው ላይ ምንም አልተባለም፣ እኔም ደውዬ አልጠየቅኩም። ያን ቀን በጣም ነው የከፋኝ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው የቀለም ኮፒ የሚታተምበት ፊልም ቀለሙ አይጸናም ነበር። ሰማያዊውና ቢጫው እየሳሳ ሲሄድ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። በኋላ የመጣው የፊልም ዓይነት ግን ቀለሙን ለረጅም ዘመን ይይዛል። ስለዚህ በ1960ዎቹ የታተመ ኮፒና ከታደሰ ኔጋቲቭ በቅርብ የታተመ ኮፒ ሰማይና ምድር ናቸው።

ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ ወይም ጻፉና እነዚህን ጠይቁ፦

– የሚታየው የፊልም ኮፒ ነው ወይስ ዲጂታል? «ታድሷል» ወይም «4ኬ» የሚል ቃል ካያችሁ በአብዛኛው ዲጂታል ነው። ከ65 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ የተቀዳ ዲጂታልም ያምራል፤ ግን ሌላ ነገር ነው።
– ኮፒው መቼ ታተመ? ቀለሙስ እንዴት ነው? ጥሩ ቤት ይህን ጥያቄ በደስታ ይመልሳል።
– ድምጹ ከመግነጢሳዊው መስመር ነው ወይስ ከዲስክ? አዳዲሶቹ ኮፒዎች ላይ ድምጹ በፊልሙ ላይ የለም። በጠርዙ ላይ የሰዓት ምልክት አለ፣ ምልክቱም በዲስክ ያለውን ድምጽ ከምስሉ ጋር ያስተካክለዋል። ሁለቱም ጥሩ ነው። በደንብ የተጠበቀ መግነጢሳዊ ኮፒ ግን ለጆሮዬ ሞቅ ይላል።

ሁለት ነገር እንዳያደናግራችሁ። አይማክስም 70 ሚሊሜትር ይጠቀማል፤ ፊልሙ ግን በአግድም የሚሮጥ፣ ምስሉም ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሌላ አሠራር ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ አብሮ የሚዘፍንበት ዝግጅት ነው። ግጥሙ መጋረጃው ላይ ይጻፋል፣ ሰው ልብስ ለውጦ ይመጣል። ደስ ይላል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በዲጂታል ነው።

ስለ ቀለም ሳወራ አንድ ነገር ልጨምር። «ሳውዝ ፓሲፊክ» ላይ ዘፈን ሲጀምር ምስሉ በድንገት ቢጫ ወይም ሌላ ቀለም ቢለብስ ኮፒው ተበላሽቷል ብላችሁ አትውጡ። ሲቀረጽ ሆን ተብሎ በባለቀለም ማጣሪያ ነው የተሠራው። ዳይሬክተሩ ጆሹዋ ሎጋን በኋላ ተጸጽቶበታል። እኔ ግን አንድ ሁለቱን እወዳቸዋለሁ።

ወንበር መምረጥ

ቤት ውስጥ እንደለመዳችሁት ከኋላ አትቀመጡ። ትልቁ ፊልም የተሠራው ምስሉ ዓይናችሁን እንዲሞላ ነው። መሐል ለመሐል፣ ከአዳራሹ የፊተኛው ሲሶ ወይም ትንሽ ከዚያ ወደ ኋላ ብትቀመጡ ጥሩ ነው። ሌላው መለኪያ ይህ ነው፦ ከመጋረጃው ያላችሁ ርቀት የመጋረጃውን ወርድ ያህል ይሁን። መጋረጃው ጎበጥ ያለ ከሆነ ደግሞ መሐሉ የግድ ነው። ጎን የተቀመጠ ሰው አንዱን ጫፍ ተጣሞ ያየዋል።

ድምጹም መሐሉን ነው የሚፈልገው። ጥግ ላይ ከሆናችሁ አንዱ ማጉያ ብቻ ጆሮአችሁ ላይ ይጮኻል፣ የሚንቀሳቀሰው ድምጽ ይጠፋባችኋል። ወንበር ቀድሞ የማይመረጥበት ቤት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

የቀኑ ዝግጅት

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» 174 ደቂቃ ነው። ዕረፍቱ ሲጨመር ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ቀድማችሁ ብሉ። ቡና ከጠጣችሁም በጊዜ ጠጡ፤ ፊልሙ መሐል ለመውጣት መገደድ ያሳዝናል። የማታውን ከመረጣችሁ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ። ልጆችና አዛውንት ካሉ የቀኑ ይሻላል። ለእናቴ ትንሽ ነጠላ ይዤላት ሄድኩ፤ የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ኃይለኛ ነው።

መብራቱ ሳይጠፋ መግባት

ይህን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ፊልሞች የሚታዩት እንደ ቲያትር ነበር። መጀመሪያ የመክፈቻ ሙዚቃ አለ። ምስል የለም። መብራቱ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ምስሉ ከሚታይበት ፊት ያለው የጨርቅ መጋረጃ እንደተዘጋ ኦርኬስትራው ይጫወታል። ሰው «ገና አልጀመረም» ብሎ ያወራል፣ ስልኩን ይነካካል። ጀምሯል። በኋላ የምትሰሟቸውን ዜማዎች ያኔ ነው ለጆሮአችሁ የሚያስተዋውቋችሁ።

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ደግሞ ከዚህ ይለያል። የጨርቁ መጋረጃ ተከፍቶ ንድፍ ሠሪው ሶል ባስ የሠራው ምስል ይመጣል። ቋሚ መስመሮች ብቻ ናቸው። ከኋላቸው ያለው ቀለም ከሙዚቃው ጋር እየተለዋወጠ ከአራት ደቂቃ በላይ ይቆያል። መጨረሻ ላይ መስመሮቹ የማንሃተን ሕንጻዎች ሆነው ይገኛሉ። ከዚያ ካሜራው ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ከተማውን ወደ ታች ያያል። በቴሌቪዥን ይህን ቦታ ሰው በሪሞት ያሳልፈዋል። በ70 ሚሊሜትር ግን መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ሆዳችሁ ውስጥ የመውረድ ስሜት ይሰማችኋል።

ምን ማየት፣ ምን መስማት?

ዓይናችሁን ወደ ጫፎቹ ስደዱ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጭፈራው በአብዛኛው ከእግር እስከ ራስ፣ ሳይቆራረጥ ነው የሚታየው። ዳይሬክተሮቹ መጋረጃው ትልቅ መሆኑን ያውቃሉ። ፊት እያቀረቡ ማሳየት ብዙም አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። አንድ ጊዜ ዋናዋን፣ ሌላ ጊዜ ከኋላ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለውን ጨፋሪ እዩ። እሱም ከልቡ እየሠራ ነው።

«ማይ ፌር ሌዲ» ላይ የፈረስ እሽቅድምድሙን ቦታ ጠብቁ። ሁሉም ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ለብሰው ሐውልት መስለው ቆመዋል። ልብሱን የሠራው ሴሲል ቢተን ኦስካር አግኝቶበታል። የባርኔጣው ላባ፣ የዳንቴሉ ቀዳዳ፣ የጓንቱ አዝራር ሁሉ ይቆጠራል። ይህ ቦታ የተሠራው ለዚህ መጠን ነው ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ለጆሮ ደግሞ አንዲት ሴት ልጠቁማችሁ። ማርኒ ኒክሰን ትባላለች። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ የናታሊ ዉድን፣ «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ አብዛኛውን የኦድሪ ሄፕበርን ዘፈን የዘፈነችው እሷ ናት። ፊቷ አይታይም። «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ላይ ግን ራሷ አለች፤ ስለ ማሪያ ከሚዘፍኑት መነኮሳት አንዷ ናት። ሦስቱን ፊልሞች በተከታታይ ካያችሁ ድምጿን ትለዩታላችሁ።

በመሐል ከምስሉ ላይኛው ቀኝ ጥግ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ትደገማለች። ጉድለት አይደለችም። ፊልሙ በጥቅል የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ጥቅል ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። የመጀመሪያዋ ምልክት ስትታይ ባለሙያው ሁለተኛውን ፕሮጀክተር ያስነሳል፣ በሁለተኛዋ ምስሉን ያሸጋግራል። የድሮ ፊልሞችን የሚያስቀምጡ አርካይቮች ውድ ኮፒዎቻቸውን፣ ጥቅሎቹን ቆርጦ አንድ ትልቅ ጥቅል አድርጎ ለሚቀጥል ቤት አያውሱም፤ ለዚህ ነው ሁለት ፕሮጀክተር የሚያስፈልገው። «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» በ70 ሚሊሜትር ቢዘረጋ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ነው የሚያልፈው።

ዕረፍቱ

ዕረፍቱ የታሪኩ አካል ነው። «ማይ ፌር ሌዲ» የሚያቆመው ኤላይዛ ለትልቁ ግብዣ ወጥታ ስትሄድ ነው። «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ደግሞ ማሪያ ሻንጣዋን ይዛ ቤቱን ጥላ ስትወጣ። ያኔ አጠገባችሁ ያለው የማታውቁት ሰው ሳይቀር ያዋራችኋል። ተነሡ፣ እግራችሁን አፍታቱ፣ ዞር ብላችሁም የፕሮጀክተሩን መስኮት እዩ። ዕረፍቱ ሲያልቅ እንደገና ሙዚቃ ይመጣል። እሱም ሳያመልጣችሁ ተመለሱ።

እስከ መጨረሻው መቆየት

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም በግድግዳና በበር ላይ እንደ ልጆች ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። የመንገዱን ምልክት ሁሉ እያነበባችሁ ቆዩ። ሌሎቹ ላይ ምስሉ ጠፍቶ የመውጫ ሙዚቃ ይቀጥላል። መብራት በርቶ፣ ሰው ኮቱን እየለበሰ፣ ኦርኬስትራው ግን ገና ይጫወታል።

አንዳንድ ጊዜ ባለሙያው ከማሳያ ክፍሉ ወርዶ በሩ አካባቢ ይቆማል። ቀርባችሁ አመስግኑት፣ ስለ ኮፒው ጠይቁት። እኔ ስጠይቅ ቁራጭ ፊልም አውጥቶ ለብርሃን ያዞረልኝ አለ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ተቀበለችው፣ ወደ መብራቱ አንሥታ እያንዳንዷን ትንሽ ምስል ለረጅም ጊዜ አየች። ከአዳራሹ ውስጥ ሙዚቃው ገና ይሰማ ነበር።